ስኬጁለሩ «ወድቋል» ይላል፤ ዳታቤዙ ግን ወለዱን ሦስት ጊዜ ሠርቶታል

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ የአንድ ቁጠባና ብድር ተቋም ሲስተም የምይዘው እኔ ነኝ። ከእኔ ሌላ የሚያግዘኝ አንድ ልጅ ብቻ ነው ያለው። ዛሬ ጠዋት የገጠመኝን ልንገራችሁና እባካችሁ እርዱኝ።

የወር መዝጊያ ጆባችን (በሰዓቱ በራሱ የሚነሳ ሥራ) ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ይነሳል። የቁጠባ ወለድ አስልቶ በየአባሉ ቀሪ ሒሳብ ላይ ይደምራል። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 13 ነው። ስኬጁለሩ፣ ማለትም ጆቦችን በሰዓታቸው የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ሌላ ሰርቨር ላይ ሆኖ በፒኤስኪውኤል (የፖስትግሬስ ትእዛዝ መላኪያ ፕሮግራም) በኩል ትእዛዙን ይልካል። ሌላ ጊዜ በ6 ደቂቃ ነው የሚያልቀው። አንድ ሰዓት ካለፈ ስኬጁለሩ ጆቡን ገድሎ እንደገና ያስነሳዋል፤ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ እንዲሞክር ነው ያዘጋጀነው።

ዛሬ 2 ሰዓት ከ25 ላይ ዳሽቦርዱን ስከፍት ሦስት ቀይ መስመር ተደርድሯል። የ7 ሰዓቱ ወድቋል፣ የ8ቱ ወድቋል፣ የ9ኙም ወድቋል። ወለዱ አልተሠራም ማለት ነው ብዬ በእጄ ላስነሳው ስል፣ ቆይ እስኪ አንድ ሒሳብ ልይ ብዬ ከፈትኩ። ትናንት 12,000 ብር የነበረው ሒሳብ 12,211 ብር ከ23 ሳንቲም ሆኗል። የምንከፍለው ወለድ በዓመት 7 በመቶ ስለሆነ የወሩ 70 ብር ብቻ መሆን ነበረበት። ካልኩሌተር አወጣሁ። መጀመሪያ 70፣ ከዚያ በ12,070 ላይ 70.41፣ ከዚያ በ12,140.41 ላይ 70.82። ሦስቴ ተደምሯል፣ ያውም ወለዱ በራሱ በወለዱ ላይ።

ቅርንጫፎቹን አስቁሜያለሁ። ካሸሮቹ «ሲስተም የለም» እያሉ ነው፤ ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የተቀመጡ እናቶች ከዚህ ሆኜ ይታዩኛል። ወድቋል የተባለ ጆብ እንዴት ሦስት ጊዜ ሊሠራ ይችላል?


ሌሊት ተረኛ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:22

እህቴ፣ በመጀመሪያ ምንም እንዳትነኪ። አሁን ባለበት ሁኔታ ባክአፕ ውሰጂ፣ ሎጉንም ሌላ ቦታ ገልብጠሽ አስቀምጪ። በእጅሽ ሳታስነሺው አንድ ሒሳብ ከፍተሽ ማየትሽ አድኖሻል፤ አራተኛ ይሆን ነበር።

ሁለት ነገር ንገሪን። ስኬጁለሩ ጆቡን «ሲገድል» በትክክል የሚያደርገው ምንድን ነው? ስክሪፕቱስ አንድ ነጠላ አፕዴት (ረድፎችን የሚቀይር ትእዛዝ) ነው ወይስ በቢጊንና በኮሚት፣ ማለትም በመጀመሪያውና በማጽደቂያው ትእዛዝ፣ መሀል የተቀመጡ ብዙ ትእዛዞች? ደግሞ የፖስትግሬሱን ሎግ ከ2 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለውን ተመልከቺው። የሌሊቱን ብቻ አትይ።


ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)
ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:05

ባክአፑ ተወስዷል። ስኬጁለሩ ለፒኤስኪውኤል ሂደት ሲግተርም (ሂደቱን «ቁም» የሚል ሲግናል) ይልካል። ስክሪፕቱ አንድ ነጠላ አፕዴት ነው፤ ቢጊን የለውም።

ሎጉን እንዳልከኝ ጠዋት ጠዋቱን አየሁት፣ ደነገጥኩ። ረጅም ኩዌሪዎች ሎግ ላይ እንዲወጡ አድርገን ነበር። 2 ሰዓት ከ8 ላይ አፕዴቱ ጨረሰ ይላል፣ የፈጀው 25,680 ሰከንድ። 2 ሰዓት ከ14 ላይ ያው አፕዴት በ22,440 ሰከንድ። 2 ሰዓት ከ20 ላይ ደግሞ በ19,200 ሰከንድ። ወደኋላ ብትቆጥሩ የተነሱት በትክክል 7፣ 8 እና 9 ሰዓት ላይ ነው። ከእያንዳንዱ በኋላ ለክላየንቱ መረጃ መላክ አልተቻለም የሚል መስመር አለ።

ስለዚህ ስኬጁለሩ ገደልኳቸው ያላቸው ሦስቱም ዳታቤዙ ውስጥ እስከ ጠዋት በሕይወት ነበሩ ማለት ነው?


የድሮ ዲቢኤ (አዳማ)
ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:31

አዎ ልጄ፣ በሕይወት ነበሩ። እኔ አዳማ ተቀምጬ ለብዙ ዓመት ዳታቤዝ ሳስተዳድር ይህን ከአንድም ሁለት ጊዜ አይቻለሁና ላስረዳሽ።

ስኬጁለርሽ የሚያውቀው የራሱን ሰርቨር ሂደት ብቻ ነው። ፒኤስኪውኤል ደንበኛ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው በዳታቤዙ ሰርቨር ላይ ያለው ሌላ ሂደት ነው፣ ባክኤንድ የምንለው። ሲግተርም የተቀበለ ፒኤስኪውኤል ምንም ሳይናገር ይሞታል። ባክኤንዱ ደግሞ በሥራ ላይ ወይም በሎክ (አንዱ የያዘውን ረድፍ ሌላው እንዳይቀይር የሚያግድ ቁልፍ) ጥበቃ ላይ ሳለ ደንበኛው መኖር አለመኖሩን ዞር ብሎ አያይም። የሚያውቀው ጨርሶ ውጤቱን ሊልክ ሲሞክር ነው። ነጠላ አፕዴት ከሆነ ደግሞ ኮሚቱ የሚፈጸመው ውጤቱ ከመላኩ በፊት ነው። ስለዚህ ሥራው ጸድቆ ካለቀ በኋላ ነው ደንበኛው እንደሌለ የሚያውቀው። በሎግሽ ያየሽው የመጨረሻው መስመር እሱ ነው።

በቢጊንና በኮሚት መሀል ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ኮሚቱን የሚልክ ደንበኛ ስለሌለ ሁሉም ሮልባክ ይሆን፣ ማለትም ወደነበረበት ይመለስ ነበር።

የ6 ደቂቃ ሥራ ይህን ያህል ሰዓት የፈጀው ሎክ ስላገደው ነው፤ አሁን መገኘት ያለበት ያገዳቸው ነገር ነው። ሦስቱም 2 ሰዓት ገደማ ላይ አንድ ላይ ነው የተፈቱት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቢሮ የገባ ሰው ማነው? ከዚያ በፊት ከሰዓት ዳታቤዙን በእጁ የነካ ሰውስ?


ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)
ማክሰኞ፣ ቀን 6:15

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አገኘሁት።

ሒሳብ ክፍል ውስጥ ያለ ባልደረባዬ ትናንት 10 ሰዓት ላይ የአንድ አባል ሒሳብ ሊያስተካክል ዲቢቨር (ዳታቤዝ በእጅ የሚከፈትበት ፕሮግራም) ከፍቶ አፕዴት አድርጓል። ኮሚት በእጅ እንዲሆን ነው የተስተካከለው። ኮሚት ሳይል ለቅሶ ተጠርቶ ሄደ፣ ላፕቶፑ ተከፍቶ አደረ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መጥቶ መስኮቱን ሲዘጋ «ያልጸደቀ ለውጥ አለ» ሲለው ሮልባክ ብሎ ወጣ። የአንድ አባል አንድ ረድፍ ብቻ ናት። ሌሊቱን ሙሉ የያዘችን እሷ ናት።

እሱን አልወቅሰውም። ሰው ለቅሶ ተጠርቶ ይሄዳል። የእኔ ጥያቄ እኔ ሌሊት 7 ሰዓት ከ10 ላይ ይህን ማየት የምችለው እንዴት ነው የሚል ነው። ስኬጁለሩ «እየሠራ ነው» ይላል፤ 8 ሰዓት ሲሆን «ወድቋል» ይላል። በመሀል ዳታቤዙ ውስጥ ምን እንደነበረ ምንም አይነግረኝም።


ፖስትግሬስ ወዳጅ
ማክሰኞ፣ ቀን 7:02

ፒጂ ስታት አክቲቪቲ የሚባለው ቪው (እንደ ሠንጠረዥ የሚነበብ እይታ) ነው ዓይንሽ። እያንዳንዱ ባክኤንድ አንድ ረድፍ አለው፤ ማን እንደገባ፣ ከየት እንደገባ፣ ትራንዛክሽኑ (አብረው የሚጸድቁት ትእዛዞች) መቼ እንደተጀመረ፣ አሁን ምን እየጠበቀ እንደሆነ ይነግርሻል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ግን ልንገርሽ። ሎክ የሚጠብቅ ሴሽን (ከዳታቤዙ ጋር ያለ አንድ ግንኙነት) ስቴቱ «አክቲቭ» ነው የሚለው። ስቴቱን ብቻ ያየ ሰው «እየሠራ ነው» ብሎ ይተወዋል። ዌይት ኢቨንት ታይፕ የሚለውን ዓምድ እዪ፤ «ሎክ» ካለ እየሠራ አይደለም፣ ደጅ እየጠና ነው። በተቃራኒው ደግሞ የባልደረባሽ ሴሽን «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» ነው የሚለው። ምንም የማይሠራ ይመስላል፣ ሁሉንም የያዘው ግን እሱ ነው።

ማን ማንን እንደያዘ ለማወቅ ፒጂ ብሎኪንግ ፒድስ የሚባል ፈንክሽን አለ፤ ከ9.6 ጀምሮ ነው የመጣው። ያንቺን የሌሊት ሁኔታ ብናስበው፣ የ7 ሰዓቱ ባልደረባሽን ይጠብቃል። የ8ቱ ግን የሚጠብቀው የ7ቱን ነው፣ ምክንያቱም የ7ቱ እዚያች ረድፍ ላይ እስኪደርስ ብዙ ረድፍ ነክቶ ይዟል። የ9ኙ ከኋላቸው ተሰልፏል። ስለዚህ አንዱን የሚያግድ ሌላ ስታገኚ አትቁሚ፤ እሱንስ ማን ያዘው እያልሽ ማንንም የማይጠብቀው ጋ እስክትደርሺ ውጪ። አጋጁ የ7 ሰዓቱ ነው ብለሽ እሱን ብትገድዪው ኖሮ የ8ቱ ወደዚያችው ረድፍ ሄዶ ይቆም ነበር።


ሌሊት ተረኛ
ማክሰኞ፣ ቀን 7:40

በዚህ ላይ ልጨምር። ሌሊት ፒጂ ስታት አክቲቪቲን ስትከፍቺ አርባ ረድፍ ይመጣል፣ ሁሉም በአንድ ዩዘር የገቡ። የትኛው የወለድ ጆብ ነው፣ የትኛው የቅርንጫፍ ካሸር ነው? መለየት አይቻልም። መፍትሔው ቀላል ነው። ስኬጁለሩ ጆቡን ሲያስነሳ ፒጂአፕኔም የሚባለውን የኢንቫይሮመንት ተለዋዋጭ የጆቡን ስምና የሙከራ ቁጥሩን አድርጎ ይስጠው። ያኔ አፕሊኬሽን ኔም በሚለው ዓምድ ላይ «ወለድ-ወር-ሙከራ-2» ብሎ ቁጭ ይላል። ይህን በስኬጁለሩ የምናስነሳቸው ጆቦች ሁሉ ላይ አድርገናል። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሞተዋል የተባሉ ሁለት ሪፖርቶች ዳታቤዙ ውስጥ ሲሮጡ አግኝተናል።


ኦራክል ቤት
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9:15

በኦራክል በኩል ያላችሁ ካላችሁ፦ በዲቢኤምኤስ ስኬጁለር ውስጥ የተቀመጠ ጆብ የሚሮጠው እዚያው ዳታቤዙ ውስጥ ስለሆነ ዲቢኤ ስኬጁለር ራኒንግ ጆብስ የሚለው ቪው የሴሽኑን ቁጥር ቀጥታ ይሰጣችኋል። ቪ ዶላር ሴሽን ላይ ደግሞ ፋይናል ብሎኪንግ ሴሽን የሚል ዓምድ አለ፤ ከላይ የተባለውን የሰንሰለቱን ሥር ራሱ ያወጣላችኋል። ከውጭ ስኬጁለር የሚመጣ ከሆነ ግን እንደ ፖስትግሬሱ ነው፤ ዲቢኤምኤስ አፕሊኬሽን ኢንፎን ተጠቅማችሁ ስም ካልሰጣችሁት አታውቁትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማክስ ራን ዱሬሽን የሚለውን አትሪቢዩት ሞልታችሁ ጆቡ ሰዓቱ ሲደርስ ይቆማል ብላችሁ እንዳትተኙ። የጊዜ ገደቡን አልፏል የሚል ኢቨንት ነው የሚያወጣው። አያስቆመውም። ኢቨንቱን የሚሰማ ነገር ካላዘጋጃችሁ እንደሌለ ቁጠሩት።


ታቦር ሥር (ሐዋሳ)
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10:50

የአገሬ ልጅ፣ አይዞሽ። እዚሁ ሐዋሳ በእኛም ቢሮ የደረሰ ስለሆነ ነው የምጽፈው። በእኛ የያዘን የተረሳ ላፕቶፕ አልነበረም፣ መብራት ነው። ከሰዓት መብራት ሄደ፣ የሒሳብ ክፍሉ ዴስክቶፕ ጠፋ፣ ሰርቨሩ ግን በዩፒኤስና በጄኔሬተር ቀጠለ። ዴስክቶፑ ደህና ሁን ሳይል ስለጠፋ ሰርቨሩ አሁንም አለ ብሎ ነው የሚያስበው። ሊኑክስ ዝም ያለ የቲሲፒ ግንኙነት መኖሩን መፈተሽ የሚጀምረው፣ ካልተቀየረ በስተቀር፣ ከ2 ሰዓት ዝምታ በኋላ ነው። ያ ሁሉ ጊዜ ሎኩ ተይዟል። ፖስትግሬስ ላይ ቲሲፒ ኪፕአላይቭስ አይድል የሚለውን ወደ 60 ሰከንድ አወረድነው፣ ከዚያ ወዲህ አልደገመም።

ሌላው ክሮን ነው፣ የሊኑክስ የጆብ ማስነሻ። መብራት ሄዶ ሰርቨሩ ራሱ ጠፍቶ ካለፈው፣ ክሮን ያለፈውን ጆብ ተመልሶ አያስነሳም። ሌላው የሊኑክስ ማስነሻ፣ ሲስተምዲ ታይመር ላይ ፐርሲስተንት የሚለውን ካበራችሁ ግን ሲነሳ ያስታውሰዋል። ስለዚህ «ወደቀ» የሚል መልእክት ብቻ አትጠብቂ። «ጨረስኩ» የሚል መልእክት በሰዓቱ ካልመጣ የሚጮህ ነገር ያስፈልግሻል፤ ያልተነሳ ጆብ ወደቅሁ ብሎ አይነግርሽም።


የአዳማ ልጅ
ማክሰኞ፣ ምሽት 1:20

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። እኛ ጋ አንድ ልጅ «ሌሊት 8 ሰዓት» የተባለውን ጆብ ክሮን ላይ 8 ብሎ ጻፈው። በፈረንጅ 8 ማለት ጠዋት 2 ሰዓት ነው፣ ቅርንጫፍ የሚከፈትበት። ለሁለት ሳምንት በየጠዋቱ ሲስተሙ ለምን እንደሚንቀራፈፍ ስንፈልግ ከረምን። አሁን እያንዳንዱ የክሮን መስመር ላይ በአማርኛ አቆጣጠር ስንት ሰዓት እንደሆነ ኮሜንት እንጽፋለን። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከሆነ ደግሞ ሌላ 3 ሰዓት አለ፤ ሌሊት 7 ሰዓት በዩቲሲ የቀደመው ቀን 22 ሰዓት ነው።

ወር መዝጊያውንም ክሮን አያውቀውም። ጳጉሜን የት ያግኛት? በየቀኑ እያስነሳችሁ ውስጡ የኢትዮጵያን ቀን አስልቶ ካልሆነ ይውጣ። ጳጉሜን 6 የምትሆንበትን ዓመት አትርሱ፤ 2015 ሆና ነበር፣ ቀጥሎ 2019 ናት።


ቶሎ መፍትሔ
ማክሰኞ፣ ምሽት 2:05

ይህን ሁሉ ምን አመጣው? በየደቂቃው የሚሮጥ ስክሪፕት አድርጊ፤ የሌሊት ጆብን የያዘ ሴሽን ሲያይ በፒጂ ተርሚኔት ባክኤንድ ይግደለው። አለቀ።


የድሮ ዲቢኤ (አዳማ)
ማክሰኞ፣ ምሽት 2:48

ወንድሜ፣ ይህን አልስማማበትም። ዛሬ የያዘው የተረሳ መስኮት ነው። ነገ የሚይዘው የሌላ ቅርንጫፍ የብድር መዝጊያ ቢሆንስ? ስክሪፕትህ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ይገድለዋል፤ ያም ስኬጁለር ያለው ከሆነ ይነሳል፤ አሁን ሁለት ጆቦች እርስ በርስ ሲጋደሉ ያድራሉ። ስክሪፕቱ ያሳውቅ፣ ሰው ይወስን። ሳይጠየቅ መሞት ያለበት አንድ ብቻ ነው፤ ሰው በእጁ ከፍቶ የተወው ባዶ ትራንዛክሽን። ለእሱ ደግሞ ስክሪፕት አያስፈልግም፤ አይድል ኢን ትራንዛክሽን ሴሽን ታይምአውት የሚባል ማስተካከያ አለ። ለሒሳብ ክፍሉ ሮል (የዳታቤዝ መግቢያ ስም) ብቻ 15 ደቂቃ አድርጊው።

ለጆቡ ራሱ ሎክ ታይምአውት ስጪው። ማይኤስኪውኤል በኢኖዲቢ ላይ ካልተቀየረ 50 ሰከንድ ጠብቆ ስህተት ይመልሳል። ፖስትግሬስ ካልነገርሽው ለዘላለም ነው የሚጠብቀው። ያንቺ ጆብ 5 ደቂቃ ጠብቆ ራሱ ቢወድቅ ኖሮ ስኬጁለሩና ዳታቤዙ አንድ ቃል ይናገሩ ነበር።

የገዳዩንም ነገር አስተካክዪ። ፒኤስኪውኤል ሲግኢንት ሲደርሰው፣ ማለትም ኮንትሮል ሲ እንደተጫነ ሲሆን፣ ለሰርቨሩ «ተወው» የሚል ጥያቄ ይልካል። በሲግተርም ግን አይልክም። ስኬጁለርሽ የሚልከውን ሲግናል መቀየር ከቻልሽ ቀይሪ፤ ካልቻልሽ ታይምአውት የሚባለው የሊኑክስ ትእዛዝ በሲግኢንት እንዲገድል አድርገሽ ውስጡ አስገቢው። ወደ 14 ወይም ከዚያ በላይ ስትወጪ ደግሞ ክላየንት ኮኔክሽን ቼክ ኢንተርቫል የሚባል አለ፤ ባክኤንዱ በሥራ መሀል ደንበኛው መኖሩን እያጣራ እንዲሄድ ያደርገዋል። ካልሞላሽው ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው።

ከሁሉ በላይ ግን አፕዴቱ ራሱ ሁለት ጊዜ እንዳይሠራ አድርገሽ ጻፊው። በሒሳቡ ረድፍ ላይ የመጨረሻው ወለድ የተሠራበትን ወር የሚይዝ ዓምድ ጨምሪ፣ ዌሩ (የትኛው ረድፍ እንደሚቀየር የሚወስነው ቅድመ ሁኔታ) ላይ «ይህ ወር ያልተሠራለት» በዪ፣ በዚያው አፕዴት ወሩን ሙዪው። ተሰልፎ የነበረው ሁለተኛው ሎኩ ሲለቀቅለት ፖስትግሬስ ዌሩን በአዲሱ ረድፍ ላይ ደግሞ ይፈትሸዋል፣ በተለመደው ሪድ ኮሚትድ ደረጃ። ወሩ ተሞልቶ ስለሚያገኘው ይዘለዋል። ሦስት ጊዜ ሳይሆን ሠላሳ ጊዜ ቢነሳ 70 ብሩ 70 ብር ነው።


ኤጀንት
ረቡዕ፣ ጠዋት 3:00

ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ላሉ፦ ኤጀንቱ (የራሱ ስኬጁለር) ያው ጆብ እየሮጠ ሳለ ሁለተኛ አያስነሳውም፣ ስለዚህ የራሱ ጆብ ከራሱ ጋር አይሰለፍም። ፕሮግራም ኔም ላይም የጆቡን መለያ በሄክሳዴሲማል ይጽፋል፤ ኤምኤስዲቢ (ኤጀንቱ ጆቦቹን የሚያስቀምጥበት ዳታቤዝ) ውስጥ ካሉት ጆቦች ጋር አመሳክራችሁ ስሙን ማውጣት ይቻላል።


ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)
ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9:30

የደረስንበትን ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ።

ሒሳቡን ከሰኞ ማታ ባክአፕ ጋር አስተያይተን ለእያንዳንዱ አባል ትርፉን በተቃራኒ ምዝገባ መለስን። ባክአፑን መልሰን መጫን አልፈለግንም፣ ምክንያቱም ጠዋት ከመዝጋታችን በፊት ጥቂት ገቢዎች ገብተው ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ካሸሮቹ ከፈቱ። ኤስኤምኤስ የሚልከው ጆብ የወለዱን ጆብ መሳካት ስለሚጠብቅ ለአባላት የተሳሳተ መልእክት አልወጣም፤ ለዚህ አምላኬን አመሰግናለሁ።

አፕዴቱን ጋሼ እንዳሉኝ በወር ዓምድ አስሬዋለሁ። ሎክ ታይምአውቱ 5 ደቂቃ ነው። የሒሳብ ክፍል ሮል 15 ደቂቃ ዝም ካለ ይወጣል፤ ባልደረባዬም አብሮኝ ተቀምጦ ሞክሮት ተስማምቷል።

ክትትሉን ከስኬጁለሩ ለየሁት። በራሱ ሰርቨር ላይ በየደቂቃው ፒጂ ስታት አክቲቪቲን የሚጠይቅ ትንሽ ስክሪፕት ነው። ሱፐርዩዘር (ሁሉን ማድረግ የሚችል ተጠቃሚ) አላደረግኩትም፤ ፒጂ ሞኒተር የሚለው ሮል ይበቃዋል። እሱ ሳይሰጠው ግን የሌላውን ዩዘር የኩዌሪ ጽሑፍ አያሳየውም ነበር። አፕሊኬሽን ኔሙ ላይ የጆብ ስም ያለበትን ሁሉ ይወስድና ሁለት ነገር ያያል፤ ሎክ እየጠበቀ ከአንድ ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ስኬጁለሩ አልቋል እያለ ሴሽኑ አሁንም ካለ። ሁለተኛው ለእኔ ትልቁ ነው። ካየ የሰንሰለቱን ሥር አውጥቶ በቴሌግራም ቦት ይልክልኛል።

ትናንት ማታ ሆን ብዬ ሞከርኩት። ከሙከራ ዳታቤዙ ላይ በዲቢቨር አንድ ረድፍ አፕዴት አድርጌ ኮሚት ሳልል ተውኩና ጆቡን አስነሳሁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «ወለድ-ወር-ሙከራ-1 ሎክ እየጠበቀ ነው። ሥሩ፦ የሒሳብ ክፍል ዩዘር፣ ዲቢቨር፣ አይድል ኢን ትራንዛክሽን።» ማክሰኞ ሌሊት ይህን አንዲት መስመር ባገኝ ኖሮ ለባልደረባዬ ስልክ መደወል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።


ፖስትግሬስ ወዳጅ
ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10:10

በጣም ጥሩ አድርገሻል። አንድ ነገር ብቻ፦ ኮኔክሽኑ ከሞላ ስክሪፕቱ ራሱ መግባት አይችልም፣ ያኔ ነው ደግሞ በጣም የምትፈልጊው። ማክስ ኮኔክሽንስ ካልተቀየረ 100 ነው። ለሱፐርዩዘር ተብለው የሚቀመጡት 3 ናቸው፣ ያንቺ ስክሪፕት ደግሞ ሱፐርዩዘር አይደለም። ስለዚህ በየደቂቃው አዲስ ኮኔክሽን ከሚከፍት አንድ ኮኔክሽን ይዞ እንዲቆይ አድርጊው፤ መግባት ካቃተውም ያን ራሱን እንደ አደጋ ቆጥሮ ይላክልሽ።


ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)
ቅዳሜ፣ ከሰዓት 11:45

ይህን አላሰብኩትም ነበር፣ አሁን ቀየርኩት። ስኬጁለሩ ላይ ያለውን «ሦስት ጊዜ ሞክር» ግን ለወለዱ ጆብ እስካሁን አልመለስኩትም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሞክረው። የሚቀጥለው 30 ሲመጣ እኔ ራሴ ነቅቼ እያየሁት አንድ ጊዜ በሰላም ሲዘጋ ያኔ እመልሰዋለሁ።